ጥቅምት ሠላሳን የማያውቅ ኮምፒውተር

በመሸኛዬ ዕለት የክብር እንግዳ ሆኖ የተጠራው አቶ ደመላሽ ነበር። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ እሱ ግን ራሱን ያውቃል። የድምፅ ማጉያውን ይዞ የሥራ ዘመኔን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። «ብርሃኔ የታይፕ እናታችን ናት» አለ፤ «ናቸው» እንኳ አላለም። ከዚያ ወደ እኔ እያየ ሳቀና «አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ገድላብን ነበር፤ ይቅር ብለናታል» ብሎ ጨመረ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ጥርሴን ለአፍታ አሳየሁ። የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓት! ካርቶኑን ተቀብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስሁ።

ያ ሳቅ ባይኖር ይህን አልጽፍም ነበር። ስለ ቤቴና ስለ ቤተሰቤ ምንም አልናገርም፤ ማንንም አይመለከትም። የሠራሁባቸውን መሥሪያ ቤቶች ስምም አልጠራም። ስለ ሥራዬ ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንዲያወራልኝ አልፈልግም።

ሥራ የጀመርሁት ደጀን ነው፤ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና። ቢሮዬ ከአዲስ አበባው መንገድ ዳር ስለነበር ከዓባይ በረሃ እያቃሰተ የወጣ የጭነት መኪና ሁሉ አቧራውን የሚያራግፈው በእኔ ላይ ነበር። የፊደሎቹ ክንዶች እየተጣበቁ ሲያስቸግሩ ጋሽ ይኄይስ ይጠራል። ጋሽ ይኄይስ ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ሲማር አድጎ፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጥቶ፣ ሬዲዮና የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ የሆነ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ መፍቻውን ከኪሱ አላወጣም።

«ምን ስትጽፊ ነው የቆመው?» አለኝ።

«ደብዳቤ ነዋ!»

«ደብዳቤ መሆኑን አውቃለሁ። የትኛው ፊደል ላይ?»

አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው መኪናው ደኅና ነው፤ የተበላሸሽው አንቺ ነሽ» አለና ሄደ። ሳምንት ተቀይሜው ከረምሁ። ሳምንቱን ሙሉ ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ፊደሉን በወረቀት ላይ አሠፍር ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበና ሁለት ክንዶች ብቻ ፈትቶ አጥቦ ገጠማቸው። የቀረውን አልነካም። «ያልታመመ አይታከምም» አለኝ።

ሥራ ያስተማረኝ ይህ ሰው ነው። አለቆቼ ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር ሲጠሩኝ ፈጥኜ መነሣትን ነው።

ከደጀን ወደ ሮብ ገበያ ተዛወርሁ። ከዚያ የማስታውሰው ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ እያሉ በብብቴ ሥር እያሞቅሁ መተየቤን ነው። ደመወዙን ተዉት። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ገባሁ፤ የቀረውን ዘመኔን የጨረስሁትም እዚያው ነው። ጋሽ ይኄይስም ወደ ማርቆስ መጥቶ ትንሽ የጥገና ቤት ከፍቶ ነበር። የጽሕፈት መኪና እየቀረ ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቹ «ለልጆች እንተወው» ሲሉ እሱ መነጽሩን ቀይሮ መጻሕፍት እያስመጣ ተማረ። እንግሊዝኛው የላላ ነበር፤ ግን ግእዝን በቃል ይዞ ያደገ ሰው የማያውቀውን ቃል አይፈራም። ይጽፈዋል፣ ከመዝገበ ቃላት ይፈልገዋል፣ ከዚያ ያውቀዋል።

ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ። አንዱ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ነበር፤ ማንም ሰው ውስጡን ገልጦ እንዲያይና እንደ ፍላጎቱ እንዲያበጀው የተፈቀደ፣ ክፍት ሥርዓት ነው። ሁሉም አብርቶ አየውና የሚያውቀውን መልክ ሲያጣ ሸሸው። አቶ ደመላሽ የዚያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ነው። «ለብርሃኔ ስጧት፤ እሷ ከጽሕፈት መኪናም ጋር ትጣላ ነበር» አለ። ሌሎቹ ለስልጠና ወደ ባሕር ዳር ተላኩ። እኔ ማንም ያልፈለገው ማሽን ደረሰኝ።

አማርኛ ስከፍትበት ስክሪኑ በባዶ ሳጥኖች ተሞላ። ፊደል የለውም። ጋሽ ይኄይስ ዘንድ ሄድሁ። «ሳጥኑ ምን ይላል?» አለኝ። «ሳጥን ምን ይላል?» ብዬ ሳቅሁበት። «ቦታ አለኝ፤ ፊደል ስጡኝ ነው የሚለው። የፊደሉን ቁጥር አውቆታል፤ መልኩን ነው ያጣው» አለ። የፊደል ፋይሎቹን በሲዲ ሰጠኝ፣ የሚቀመጡበትን ቦታ አሳየኝ። ገልብጬ ማሽኑን ሳስነሣው ሳጥኖቹ ሁሉ ፊደል ሆነው ቁጭ አሉ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጥቂት ነው። ኪቦርዱን ደግሞ በራሴ አበጀሁት። ለዓመታት ጣቶቼ የለመዱት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና አቀማመጥ ነበር፤ የአቀማመጡን ፋይል ከፍቼ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጣቶቼ ወደሚያውቋቸው ቦታዎች አዛወርኋቸው። ኮምፒውተሩን ለመድሁ ከማለት ኮምፒውተሩ ለመደኝ ማለት ይቀላል።

ያለ ጥፋት አልተማርሁም። የስክሪኑን መጠን ላስተካክል ብዬ አንድ ፋይል ነክቼ ማሽኑ በጥቁር ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም በሚል ነጭ ሰረዝ ብቻ ቀረ። ጋሽ ይኄይስ መጣ። ወንበር ሲሰጡት አልተቀመጠም፤ ችግሩን ሳያውቅ አይቀመጥም። የኃይል ሳጥኑን አሸተተ፤ የተቃጠለ ነገር አለመኖሩን ለማወቅ ነው። ከዚያ ማሽኑን እንደገና አስነሥቶ በስክሪኑ ላይ ያለፈውን መልእክት አንዲት ፊደል ሳይቀር በእርሳስ ገለበጠ።

«ከዚህ በፊት በደኅና የሠራሽው የመጨረሻው ነገር ምንድን ነው?»

«ኪቦርዱን ነው።»

«ከዚያ በኋላ ስንት ነገር ነካሽ?»

«ሦስት… አራት።»

«አየሽ!» አለ። «ዲማ መምህራችን ተማሪ ሲሳሳት ከመጀመሪያው ጀምር አይሉም ነበር፤ ዝም ብለህ ቀጥልም አይሉም። ‹ትክክል ካነበብኸው መስመር ተነሥ› ነው የሚሉት። አንቺ የቱ መስመር ላይ እንዳለሽ አታውቂም። አራቱንም መልሺና አንድ በአንድ ንኪ። ከመንካትሽ በፊት ደግሞ አሮጌውን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጪው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ የምለውጠውን ሁሉ ከነቀኑ የምጽፍበት ደብተር ያዝሁ። ደብተሩን አስታውሱልኝ።

በዓመቱ የሌሎቹ ኮምፒውተሮች በየፍላሹ በሚዞር ቫይረስ ታመሙ። የእኔውን አልነካውም። ባሕር ዳር የሠለጠኑት ሁሉ ፍላሻቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ይሰለፉ ጀመር። አቶ ደመላሽ በዚያ ሲያልፍ ሰልፉን ያያል፣ ፊቱን ያዞራል። ሳይወድ ግን የመሬት ይዞታ አቤቱታ ውሳኔዎች በእኔ ማሽን ላይ እንዲያዙ ፈቀደ። ለየወረዳው አንድ መዝገብ ከፈትሁ፤ አዲስ ውሳኔ ሲመጣ ከመጨረሻው ሥር ይገባል። ጋሽ ይኄይስ በማሽኑ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ተከለልኝና ማሽኑ በየቀኑ በሥራ መውጫ መዝገቦቹን ራሱ እንዲገለብጥ ትእዛዝ ጻፈለት። ትእዛዙ ቀላል ነበር፤ የመዝገቡ ቀን ከግልባጩ ቀን በኋላ ከሆነ ገልብጥ፣ ካልሆነ አትንካ። በወሩ ጋሽ ይኄይስ የጥገና ቤቱን ዘግቶ ለእርጅናው ወደ ዲማ ገባ። ሲሰናበተኝ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ።

«ዓርብ ዓርብ ግልባጩን ክፈቺና ከመካከሉ አንድ ገጽ አንብቢ። ያላነበብሽውን ግልባጭ ‹አለ› እንዳትይ።»

ዓመት ያህል አነበብሁ። ሁልጊዜ ልክ ነበር። ሁልጊዜ ልክ ስለነበር ተውሁት። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል፤ እኔው ስናገረው ይሻላል።

ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ገባ። ያን ዓመት የሚያስታውስ ሁሉ ያውቃል፤ ከቢሮ ቢሮ ባንዲራ፣ ከአፍ አፍ «የራሳችን ዘመን»። አቶ ደመላሽ መስከረም አንድ አልፎ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ፤ ጣቱ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ነካው።

«የፈረንጅ ቀን ነው።»

«ሁለት ሺህ ሰባት ይላል! እኛ ዛሬ ሁለት ሺህ ገብተን እያከበርን አንቺ ፊት ለፊት በፈረንጅ ይቆጠራል? ዛሬውኑ በእኛ አድርጊው።»

«ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ አቶ ደመላሽ፣ ሰዓቱን ብነካው…»

«ራሷ የምታበጀው ማሽን ነው ሲሉኝ አልነበረም? ታዲያ አብጂዋ!»

ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። አልችልም ማለት ሞት መሰለኝ። የማሽኑን ሰዓት ሰባት ዓመት ከምናምን ወር ወደ ኋላ መለስሁትና መስከረምን የማሽኑ የመጀመሪያ ወር፣ ጃንዋሪ፣ አደረግሁለት። አቶ ደመላሽ ስክሪኑ ላይ የእኛን ቁጥር ሲያይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በደብተሬ «በአቶ ደመላሽ የቃል ትእዛዝ ሰዓቱ ወደ እኛ ዘመን ተቀየረ» ብዬ ከነቀኑ ጻፍሁ። በማግሥቱ ማሽኑ ሲነሣ «ይህ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ገና ወደፊት ባለ ቀን ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። እሱንም ፊደል በፊደል ገለበጥሁት። ገለበጥሁና ሳልመረምረው አለፍሁት።

ማሽኑ እየተሟገተኝ ኖረ። መስከረም ሲያልቅ ሠላሳ አንድ ብሎ ቆጠረ፤ ቀነስሁለት። በጥቅምት ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ሠላሳን ዘሎ ወደሚቀጥለው ወር አለፈ፤ የእሱ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነውና ጥቅምት ሠላሳ የሚባል ቀን አያውቅም። ለአቶ ደመላሽ ነገርሁት። «ጳጉሜን ስትመጣስ የት ላስቀምጣት ነው?» አልሁት። «ጳጉሜን ያኔ እናያለን» አለኝ።

ግንቦት ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሮብ ገበያ አካባቢ መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር የገብስና የድንች መሬት ያላቸው ሴት ናቸው። የባላቸው ወንድም፣ አያ አላምረው የሚሏቸው፣ እርሻውን ሲያርሱላቸው ቆይተው መሬቱ የእኔ ነው ብለው ተነሥተዋል። ሦስት አባላት ያሉት አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሁለቱንም፣ ምስክሮችንም ሰምቶ ይዞታው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ነው ብሎ ወሰነ። ግንቦት ዐሥራ አራት ቀን ውሳኔውን ተየብሁት፤ የወረዳቸው መዝገብ መጨረሻ ላይ ገባ። የእጅ ጽሑፉ ረቂቅ ከተተየበ በኋላ ይቀደድ ነበር፤ ልማዳችን ነው። ላትመውና ላስፈርመው ስል የማተሚያው ቀለም አልቋል።

«ከዚህ ድረስ መጥቼ ባዶ እጄን?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ወረቀቱን ካልያዝሁ አያ አላምረው ነገ በሬውን ይጠምዳል።»

«ቀለም ሲመጣ አትመዋለሁ። ሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ አይጠፋም፤ በእኔ ይሁንብዎ» አልኋቸው።

«በአንቺ ይሁን» ብለው ሄዱ።

ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት ማሽኑን ባስነሣው ዲስኩ በጥፍሩ ጣውላ እንደሚቧጥጥ ሰው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ አልተነሣም። አልደነገጥሁም። ሁለተኛው ዲስክ ደኅና ነበር። ግልባጩን ከፈትሁ። የየወረዳው መዝገብ ሁሉ በአሮጌው ዓመት ጳጉሜን ላይ ያልቃል። ከመስከረም ወዲህ አንዲት መስመር የለም።

እዚያው ቁጭ ብዬ ገባኝ። ሰዓቱን ወደ ኋላ ስመልሰው አዲሱ መዝገብ ሁሉ በማሽኑ ዓይን ከአሮጌው ግልባጭ በፊት የተጻፈ ሆነ። ትእዛዙ «ከግልባጩ በኋላ ካልሆነ አትንካ» ነበር። ታዘዘ። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየቀኑ በሥራ መውጫ ታዘዘ። አንድ ዓርብ ብቻ ከፍቼ ባነብ ኖሮ አውቀው ነበር።

አቶ ደመላሽ ቢሮ ገብቼ እውነቱን ነገርሁት፤ የእኔንም የእሱንም።

«እኔ ነኝ ሰዓት ቀይሪ ያልሁሽ?» አለ። «ደብዳቤ አለሽ?»

«ሰው ቆሞ ነበር።»

«ደብዳቤ አለሽ ወይ ነው ያልሁሽ።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ፤ «በራሷ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ሰዓት በመቀየር» ይላል። ቆሞ የሰማው ሰው ሁሉ ጆሮው ጠፋ። እኔን ወደ መዝገብ ቤት አወረደኝ፤ የሞተውን ማሽንም አብሮኝ ከዚያው ጓዳ ጣለው። ኮሚቴው ያልታተሙትን ጉዳዮች እንደ አዲስ እንዲሰማ ተወሰነ። የወይዘሮ ጥሩወርቅ በሦስት ሳምንት ተቀጠረ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መዝገብ ቤት ድረስ ፈልገውኝ መጡ። አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን አላስለቀሱኝም።

«ጠፋ አሉኝ» አሉ።

«አዎ። ጥፋቱ…»

«የእኔ መሬት የት ይጠፋል? እዚያው ተዘርግቶ ነው ያለው። የጠፋው የናንተ ወረቀት ነው። አያ አላምረው አዲስ ምስክር ገዝቷል፤ የእኔ አንዱ ምስክር ደግሞ ከዚያ ወዲህ አርፏል። በእኔ ይሁንብዎ ብለሽኛል፤ ፈልጊው።»

በማግሥቱ እስከ ቢቸና በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ዲማ ገባሁ። ጋሽ ይኄይስ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርሁት፤ ሰዓቱን፣ አቶ ደመላሽን፣ ደብዳቤውን። ስለ አቶ ደመላሽ አንዲት ቃል አልጠየቀኝም።

«ዓርብ ዓርብ ታነቢ ነበር?»

«አላነብም ነበር።»

«እንግዲያው ሰውየው ባይኖርም ሌላ ነገር ይጥልሽ ነበር» አለኝ። የዚያን ቀን ጠላሁት። እውነት መሆኑን የማምነው አሁን፣ በእርጅናዬ ነው።

ቀጥሎ ሥራው ገባ። «ዲስኩ ይቧጥጣል ወይስ ዝም ብሏል?» «ይቧጥጣል።» «ዝም ያለውን ፍሪ፤ የሚጮኽ ገና አልሞተም። ከዚህ በኋላ በእሱ እንዳታስነሺው፤ ባስነሣሽው ቁጥር ይሞታል። በሲዲ አስነሺና እሱን ለማንበብ ብቻ ክፈቺው። አንዲት ነገር እንዳትጽፊበት። ሙሉውን ወደ ደኅና ዲስክ ቅጂ፤ የማይነበበው ቦታ ላይ አትሟገቺ፣ ዝለዪው። ዙሪያውን ከጨረስሽ በኋላ ወደ ዘለልሻቸው ተመለሺ። ከባድ ቃል ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ተማሪ ምዕራፉንም አይጨርስም።»

የመዝገብ ቤቱ ጓዳ ያለ ሥራ የተጣሉ ኮምፒውተሮች ማጎሪያ ነበር። አቶ ደመላሽ ሲቀጣኝ መሥሪያ የሰጠኝ መሆኑን አላወቀም። በዚያ ከነበሩት ሦስት ማሽኖች አንዱን መረጥሁ። ሲበራ ሦስት ጊዜ ይጮኽና ይቆማል። ሜሞሪውን ነቅዬ የዛገውን ጥርሱን በላጲስ አሽቼ መለስሁት፤ ተነሣ። የታመመውን ዲስክ ከጎኑ ሰካሁ፣ በሲዲ አስነሣሁ፣ ቅጂውን ጀመርሁ። መዝገብ እያወጣሁና እያስገባሁ ሦስት ቀን ቀዳሁ። ዲስኩ ይቧጥጣል፣ ይዘላል፣ ይቀጥላል። ሲሞቅ አጠፋዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ካቆምሁበት እቀጥላለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ዘለልኋቸው ቦታዎች ስመለስ አብዛኞቹ ተነበቡ። የእነ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወረዳ መዝገብ ተከፈተ። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይደለም፤ ከመካከሉም፣ ከመጀመሪያውም አነበብሁ። ሁሉም አለ።

በቀጠሮው ቀን ኮሚቴው ፊት ማሽኑን ይዤ ቀረብሁ። ሰብሳቢው ራሱ አቶ ደመላሽ ነው። አንዱ አባል ተዛውሮ በሌላ ተተክቷል። የቀሩት ሽማግሌ «በቀን ስንት ጉዳይ ነው የምንሰማው፤ አላስታውስም» ብለዋል። አቶ ደመላሽ ናትናኤል የሚባል አዲስ የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠርቶ ነበር፤ ለአገሩ እንግዳ፣ ጨዋ ወጣት ነው። ናትናኤል ፋይሉን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ይቅርታ እትዬ» አለኝ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ፋይሉ የተጻፈው በፈረንጅ ሁለት ሺህ፣ ሴፕቴምበር ዐሥራ አራት ነው ይላል። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ያን ጊዜ ይህ ቢሮ ኮምፒውተር ነበረው?» አለ አቶ ደመላሽ።

«አልነበረውም!» አሉ አያ አላምረው ከኋላ፤ ሳይጠየቁ። «እንዲያው ሴትዮዋ ጥፋቷን ልትሸፍን የጻፈችው ነው!»

አቶ ደመላሽን አየሁት። ሁለት ሺህ የማን ሁለት ሺህ እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ዝም አለ። አንዲት ሴት መሬቷን ልታጣ ነው፤ እሱ ዝም አለ። ከደብዳቤውም፣ ከጓዳውም ይልቅ ያልተውሁለት ይህን ዝምታ ነው።

«ናትናኤል» አልሁ፤ «በዚያው ቀን የተጻፈ ሌላ ፋይል ካለ ፈልግልኝ።»

ፈለገ። «አንድ አለ፤ ዐሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ። ‹ምንጣፍ› ይላል።»

«ክፈተውና አንብበው።»

«የቢሮ ምንጣፍ እንዲገዛ ስለመጠየቅ… ኃላፊው፣ አቶ ደመላሽ…»

እኔ ከብብቴ አንድ ማኅደር አወጣሁ። መዝገብ ቤት ያወረደኝ ሰው የወጪ ደብዳቤዎችን ሁሉ እጄ ላይ እንዳስቀመጠ ረስቷል። «ይኸው ቀሪው። ማኅተም አለው፣ የወጪ ቁጥር አለው፣ ፊርማው የእርስዎ ነው። ቀኑን ያንብቡልን፣ አቶ ደመላሽ።»

አላነበበም። ሽማግሌው አባል ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ግንቦት ዐሥራ አራት ቀን ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት» ብለው አነበቡ።

«ዘጠነኛው ወር፣ ዐሥራ አራተኛው ቀን፣ ሁለት ሺህ» አለ ናትናኤል ቀስ ብሎ። «ሰዓቱ በኢትዮጵያ ተሞልቶ ነው የነበረው! ፋይሎቹ ሁለቱም የዘንድሮ ናቸው።» ወደ እኔ ዞሮ «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለ።

«እጁ የእኔ ነው» አልሁ። «ትእዛዙ የማን እንደሆነ ደብተሬ ላይ አለ።» ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ማንም አልከፈተውም፤ መክፈት አላስፈለገም። «ሌላም ነገር አለ። የማተሚያው የመጨረሻ ቀለም ያለቀው በዚሁ በምንጣፉ ደብዳቤ ነው። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ውሳኔ ሳይታተም የቀረው በዐሥር ደቂቃ ተቀድሞ ነው።»

ሽማግሌው ውሳኔውን ከስክሪኑ ላይ ማንበብ ጀመሩ። የምስክሮቹ ቃል ላይ ሲደርሱ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ከኮሶው ሥር ያለችው ድንጋይ! ባልየው የተከላት! ይችን ድንጋይ አስታውሳታለሁ!» ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ኧረ ድንጋይዋም ታስታውስዎታለች» አሉ።

ውሳኔው በዚያው ቀን ታተመ። ሦስት ቅጂ አተምሁ። ሦስቱም ላይ አቶ ደመላሽ ፈረመ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው በመቀነታቸው ካሰሩ በኋላ «ይኸኛውን ግን ለማሽን አልሰጥም» አሉኝ። በመኸሩ አንድ ከረጢት ድንች ላኩልኝ።

እኔን ወደ ማሽኔ የመለሰኝ ናትናኤል ነው፤ ካልተመለሱ አልሠራም ብሎ። መጀመሪያ የሠራሁት ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መመለስ ነበር። ከዚያ ከስክሪኑ ላይ የእኛን ቀን እያሰላ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሁለታችን ጻፍን፤ ከላይ ለሰው የእኛ፣ ከታች ለማሽኑ የእሱ። ጥቅምት ሠላሳንም፣ ጳጉሜንንም ያውቃል። አቶ ደመላሽ ከመጀመሪያው «ቀኑ በእኛ ይታይ» ቢለኝና ጊዜ ቢሰጠኝ ይኸው ነበር የምሠራለት። ከዚያ ወዲህ በማርቆስና በአካባቢው ባሉ ቢሮዎች ብዙ ማሽን አበጅቻለሁ፣ ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ። ያስተማርኋቸው ሁሉ ዓርብ ዓርብ ግልባጫቸውን ከፍተው ያነባሉ። የማያነብ ካለ ከእኔ አልተማረም።

ጋሽ ይኄይስ ዐርፏል። ውሳኔው መገኘቱን በሰው ልኬበት ነበር። የመለሰልኝ መልእክት «ከመካከሉ አነበብሽው?» የሚል ብቻ ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ አልተነሣም። መዝገብ ቤቱ በእጄ በነበረ ጊዜ ቀድጄ ልጥለው እችል ነበር፤ የሚያየኝም አልነበረም። አልቀደድሁትም። የዚያን ቀን የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ፣ የምንጣፉን ደብዳቤ ግልባጭና የደብተሬን ገጽ አያይዤ ከኋላው አስቀመጥሁ፤ ገጽ በገጽ ቁጥር ሰጠኋቸው። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከፍቼ አነባቸው ነበር፤ መኖራቸውን ለማረጋገጥ። ለመጨረሻ ጊዜ ያነበብኋቸው በመሸኛዬ ዋዜማ ነው፤ ሁሉም አለ።

አቶ ደመላሽ ይቅር ብለናታል ብሏል። እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ የሰጠኝንም አልተቀበልሁም። የጠየቅሁት ወይዘሮ ጥሩወርቅን ነው። «መሬቴ እጄ ገብቷል፤ ተይው» ብለውኛል፤ ያ ይበቃኛል። የሳቁት ሁሉ ደግሞ ማኅደሬ የት እንዳለ ያውቃሉ። የግድግዳው ሰዓት ከነካርቶኑ አለ፤ አልሰቀልሁትም። አቶ ደመላሽ ማኅደሩን ከፍቶ ከፊትም ከኋላም ባነበበ ቀን፣ መጥቶ ራሱ ይስቀልልኝና ራሱ ይሙላው።